አሥር ማንኪያ ስኳር

አቶ ምንዋጋው ሞቶ ከተገኘ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ሬሳው ግን አሁንም ይጮኻል።

ሰቆጣ ስንቱን ቀብራለች፤ የሚጮኽ ሬሳ ግን ገጥሟት አያውቅም። ሰውየው በጀርባው ተጋድሟል፤ ዓይኑን ከድነውለታል፣ አገጩን በነጠላ ጫፍ አስረውለታል። ከትራሱ ሥር ግን የሆነ ነገር በየጥቂት ደቂቃው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። እሪ ብለው የገቡት ባልቴቶች ድምፁን ሲሰሙ እሪታቸውን ውጠው፣ አማትበው ደጅ ወጡ። ወንዶቹም ቢሆኑ ትራሱን ሊያነሣ የደፈረ አልተገኘም።

ምክትል ኢንስፔክተር ባንቺ ገባችና ትራሱን ብድግ አደረገችው። ከሥሩ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ትንሽ መስኮት ያላት ዕቃ አገኘች። መስኮቷ ላይ ነጠብጣብ ነጥቦች ከላይ ወደ ታች እንደ ቁልቁለት መንገድ ወርደው ታች ላይ ተኝተዋል።

ባንቺ የሰሃላ ልጅ ናት፤ አርባ ዓመቷን ልትደፍን ምንም አልቀራት፤ ቁመቷም ከበር መቀርቀሪያ ብዙ አይበልጥም። ጣቢያው እሷን የላከው ወንዶቹ ስብሰባ ስለሄዱ ነው ብለው ያሟት ነበሩ። ይሟት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዋግ ምድር ሬሳ ስታነሣ የኖረች ሴት ሐሜት አይሞቃትም፣ አይበርዳትም።

ስለ ዕቃዋ የነገረቻት የሟቹ ልጅ ሠርካለም ናት። ሠርካለም ጀርመን አገር አረጋውያን የምታስታምም ነርስ ስትሆን፣ ለአንድ ወር ፈቃድ መጥታለች። አባቷ የስኳር በሽተኛ ነበር፤ ኢንሱሊን ይወጋል። መርፌው ስኳሩን ከሚገባው በላይ ያወረደበት ቀን ቀድሞ ላብ ላብ ይለው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ቶሎ አንድ ነገር ይቀምሳል። በኋላ ግን ሰውነቱ ማስጠንቀቁን ተወው። ሁለት ጊዜ ገበያ መሐል ሳይታወቀው ወድቋል። ልጅቷ ይህን ሰምታ ነው ዕቃዋን ያመጣችለት። ሆዱ ላይ ከቆዳው ሥር ፀጉር የምታህል ሽቦ ገብታለች፤ በየአምስት ደቂቃው ስኳሩን እየለካች ለዚህች ዕቃ ትልካለች። ስኳሩ ሲወርድ ዕቃዋ ትጮኻለች፤ የወረደውንም የወጣውንም በነጥብ እየሣለች ታስቀምጣለች።

«ስትጮኽ ምን እንዲደረግ ነበር የነገርሻቸው?» አለች ባንቺ።

«አምስት ማንኪያ ስኳር በሻይ በጥብጣችሁ ስጡት፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይነሣል አልኋቸው።»

«ሰጡት?»

«ሁለት ብርጭቆ ሰጥተውታል። ሰው ሁሉ አይቷል» አለች ሠርካለም፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶው አላናግር አላት።

የቤቱ ጣጣ ግን ሬሳው ብቻ አልነበረም። ግቢው ውስጥ የሟቹ ልጅ ፋንታሁን ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ማንንም ሳያይ ተቀምጧል። ባንቺ አጠገቡ ስትደርስ አልተነሣላትም።

«መርማሪም አያስፈልግ» አላት። «አባቴን የገደለው ያ ትእዛዙ የሚሉት ሰው ነው። ሁለተኛውን ብርጭቆ በእጁ ያቀበለው እሱ ነው። ሠልስቱ እስኪወጣ እታገሣለሁ፤ ረቡዕ ሰው ከዳሱ ሲነሣ ግን መንግሥት ጉያ ውስጥም ቢገባ አይተርፍልኝም።»

ዛቻው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ምንዋጋው አበርገሌ ቆላ ውስጥ፣ ከብት በሚጠጣበት ጕድጓድ ላይ፣ ከአንድ ሰው ተጣላና በጥይት ገደለው። የተገደለው ሰው ልጅ ትእዛዙ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ሽማግሎች በአባ ገብረ አማኑኤል መሪነት ሁለቱን ቤቶች አስታረቁ። የምንዋጋው እህት ይታየሽ ለትእዛዙ አጎት ተዳረችና ቤቶቹ ተጋመዱ፤ እናቱ የሞተችበትን ትእዛዙንም አሳደገችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች የእርቅ ማዕድ ይቀርባሉ። ሽማግሌው ሳይባርኩ ደግሞ እህል የሚባል በማንም አፍ አይገባም። እንግዲህ እርቅ ወረደ ማለት ሆድ ሻረ ማለት አይደለም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፋንታሁንም የሚያስበው ይህንኑ ነበር። ሕፃኑ አድጎ፣ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶት፣ የአባቱን ደም በሻይ ብርጭቆ መለሰ ብሎ ደምድሟል።

ባንቺ ያን ዕለት እሑድ የሆነውን ከአንድም ከሁለትም ሰው ሰምታ አንድ ላይ ገጣጠመችው። ምንዋጋው ጧት መርፌውን ተወጋ፤ ስድስት ሰዓት ላይ የእርቁ ማዕድ አለ ብሎ ቁርሱን ቀመስ ብቻ አደረገ። አባ ገብረ አማኑኤል ግን ዘገዩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠርካለም ሻዩን አፍልታ በፔርሙስ ሞላች፣ ማጀቱ በር ጥግ አስቀምጣ የስኳሩን ጣሳ አጠገቡ አኖረች፣ ከዚያም መኪና ተከራይታ ሽማግሌውን ልታመጣ ወጣች። እህል ባይቀመስም አረቄ ማን ይከለክላል? ምንዋጋው በባዶ ሆዱ ሁለት መለኪያ ገለበጠ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃዋ ጮኸች። ይታየሽ ከማጀት አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣች፤ በእርቅ ቤት ደንብ በሰው ፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለወንድሟ ሰጠችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዕቃዋ እንደገና ጮኸች። አሁንም ይታየሽ ማጀቱ በር ላይ ቆማ ቀመሰችና ብርጭቆውን ለትእዛዙ አቀበለችው፤ ትእዛዙም ወስዶ ሰጠው። ምንዋጋው ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ብርጭቆው ከእጁ አምልጦት ደፋው። «ደከመኝ» ብሎ ገባና ተኛ። ስኳሩ እስኪገባው ይረፍ ተብሎ በሩ ተዘጋ። ሠርካለም ሽማግሌውን ይዛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የከፈተችው ያንን በር ነው።

ባንቺ ትእዛዙን ለራሱ ሕይወት ብላ ወደ ጣቢያ አስወሰደችው። እሷ ግን አልሄደችም፤ ሰው ለቅሶ ሲያለቅስ እሷ የእልፍኙን ወለል ስታይ ቆየች። አንድ ቦታ ላይ ጠጅ ፈስሷል፤ ጉንዳን ወርሮት ጥቁር ሆኗል። ከዚያ ሁለት ክንድ ፈንጠር ብሎ ምንዋጋው ሻዩን የደፋበት ደርቋል። በዚያ ላይ አንዲት ጉንዳን የለችም። ባንቺ ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው፤ ጣቷን አርጥባ ነካ አደረገችውና ቀመሰችው። ከንፈሯን ጠርጋ ተነሣች።

ሰኞ ምንዋጋው ተቀበረ። አልቃሾቹ ግጥሙን ሁሉ ወደ ፋንታሁን አዞሩት፤ ወንድ ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ይሞታል ወይ እያሉ ወጉት። ሰው ሲሞት ሌላ ሰው እንዲሞት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች መቼም አይጠፉም።

ከቀብር መልስ ባንቺ ሬሳውን ወዳየው ጤና መኮንን ወደ አሥራተ ማርያም ሄደች። አሥራተ ማርያም መጠራጠር የሚወድ ሰው ነው። ማስመለስ የለም፣ አረፋ የለም፣ ሰውነቱ ላይ አንዳች የመርዝ ምልክት የለም አላት። ዕቃዋን ተቀብሎ ነጥቦቹን በብዕር ጫፍ እየነካ አሳያት። ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ስልሳ ስምንት፤ ጤናማው ከሰባ በላይ ነው። ሰባት ሰዓት፣ አምሳ አምስት። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ አርባ አራት። ከዚያ በታች ዕቃዋ ቁጥር መስጠት ትተዋለች።

«ሰው የሚሞተው እዚህ ነው» አላት። «ባዶ ሆድ፣ መርፌ፣ አረቄ። አረቄ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር እንዳይለቅ ያደርጋል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ሰባት ስምንት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ሰው ነጥቡ መውጣት አለበት፤ የዚህ ግን ትንሽም ቀና አላለም። ወይ ዕቃዋ ዋሽታለች ወይ ሰዎቹ።»

ባንቺ ዕቃዋ እንዳልዋሸች ታውቃለች። ሠርካለም በዚያው ጧት የአባቷን ጣት ወግታ ከሌላ መለኪያ ጋር አስተያይታው ነበር፤ ሁለቱም አንድ ቁጥር ነው የሰጡት። ሰዎቹም አልዋሹም። ትእዛዙ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ የነገራት ይህንኑ ነው፤ ሻዩን ሲቀበል እጁ ላይ ፈሰሰበትና ላሰው፤ እንደ ማር ይጣፍጣል። መቼም ገዳይ ቢሆን ያቀበለውን አይልስም፤ ሊልስ ቢችልም ላስሁ ብሎ አይናገርም። ባንቺ ለምን እንዳልሸሸ ጠየቀችው። ብሸሽ ገዳይ እባላለሁ፣ ያሳደገችኝ እታ ይታየሽም ከሁለቱም ቤት ትባረራለች አላት። ይታየሽ ከእሑድ ማታ ጀምራ ስንቅ ትልክለታለች፤ ራሷ ይዛ የመጣችው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቀና ብላ አላየችውም።

ማክሰኞ ጧት ባንቺ ሠርካለምን ብቻዋን አስቀመጠቻት። ስኳር ያልሆነ ጣፋጭ ነገር በቤቱ ውስጥ አለ ወይ አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ከሻንጣዋ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳጥን አወጣች፤ አናቱን ሲጫኑት አንዲት ምስር የምታህል ክኒን ጠብ ታደርጋለች። የስኳር ምትክ ነው፤ ምላስ ላይ ይጣፍጣል እንጂ ደም ውስጥ ስኳር አይሆንም። ለአባቷ የዘወትር ሻይ ብላ ነው ያመጣችው። ዓርብ ዕለት ሦስት መቶ ክኒን ያለበትን አዲሱን ከፍታለች፤ አባቷ በቀን አራት ቢወስድ ነው። ቁጭ ብለው ቈጠሩት። ሁለት መቶ አርባ ስምንት ሆነ።

«አርባ የሚሆን ጐድሏል» አለች ባንቺ። «ክኒኑ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ዓርብ ማታ ራት ላይ አስረድቻቸዋለሁ። ለዘወትር ክኒኑ፣ ዕቃዋ ስትጮኽ ግን ስኳሩ አልኋቸው። ፋንታሁን ነበረ፣ አክስቴ ነበረች፣ ትእዛዙም ዳስ ሊሠራ መጥቶ እዚያው ነበረ።» ቆየት ብላ ጨመረች። «እኔንም ይጠረጥሩኛል አይደል? ልንገርዎት። በአሥራ ሰባት ዓመቴ በልምጭ ገርፎ ከቤት አስወጥቶኛል። በሱዳን በኩል ስጠፋ የመጀመሪያውን ሦስት ዓመት አንድ ደብዳቤ አልጻፍሁለትም። እጠላው ነበር። ሲታመም ነው ጥላቻው ያቃተኝ።»

ባንቺ የቈጠሩትን ክኒን ወደ ሳጥኑ መልሳ ያዘችው። ቀጥላ ይታየሽን ለማነጋገር ለቅሶ ቤቱ ዳስ ውስጥ ገባች። ይታየሽ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሲያዩዋት ግን አምሳ ይሰጧታል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ የወለደችው ልጅ የላትም። ንፍሮ ቀርቦ እሱን እየቆረጠሙ ተነጋገሩ። ይታየሽ ረጋ ብላ መለሰች፤ አዎ፣ ሻዩን እሷ ናት የቀዳችው፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ አምስት አምስት ማንኪያ አድርጋለች፤ በሰው ሁሉ ፊት ቀምሳለች። የስኳሩንም ጣሳ ማየት ይቻላል፤ አሥር ማንኪያ ጐድሏል። ይህን ስትናገር ከባንቺ እጅ ሦስት ፍሬ ንፍሮ መሬት ወደቀ። ይታየሽ ንግግሯን ሳታቋርጥ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ አቧራውን እፍ አለችና አፏ ውስጥ ከተተቻቸው። ባንቺ አየቻት። ከዚያም ከራሷ እግር ሥር አንዲት የባቄላ ፍሬ አንሥታ እሷም እፍ ብላ በላች።

ከዳሱ ወጥታ ማጀት ገባች። የስኳሩን ጣሳ ከፈተች፤ እውነትም ስኳር ነው፤ እውነትም ጐድሏል። ማጀቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጉንዳን ተሰልፏል። ስኳሩን ትቶት ወደ ላይ ወጥቶ፣ መደርደሪያው ላይ ወዳለ የሽሮ ማሰሮ ይገባል። ለሽሮ ይህን ያህል የሚሰለፍ ጉንዳን ባንቺ አይታ አታውቅም። እጇን እስከ ክንዷ ሽሮው ውስጥ ሰደደችና አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ፋንታሁንን ፈልጋ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ እሑድ ዕለት ከዚያ ፔርሙስ ሻይ የቀዳ ሌላ ሰው ነበር ወይ አለችው። እኔ ቀድቼ ነበር፣ መራራ ስለሆነብኝ ተውሁት አላት።

ረቡዕ ሠልስት ነው። ዳሱ ጢም ብሏል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰው በልቶ፣ እጁን ሲታጠብ ባንቺ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ፣ ትእዛዙን መሐል አድርጋ ገባች። ፋንታሁን ክላሹን ይዞ ተነሣ። ባንቺ በአፈ ሙዙና በትእዛዙ መካከል ቆመች፤ አጭር ናትና አናቷ የትእዛዙን ደረት እንኳ በወጉ አይጋርድም።

«መተኮሱ አያመልጥህም፤ ስማኝና ከዚያ ትተኩሳለህ» አለችው። ለሽማግሌው ደግሞ ጎንበስ አለች። «አባ፣ እርስዎም ይስሙኝ።»

አባ ገብረ አማኑኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋንታሁን ቆሞ ቀረ።

«አቶ ምንዋጋውን የገደለው ብርጭቆው ውስጥ የገባ ነገር አይደለም» አለች ባንቺ። «የገደለው ያልገባው ነው። ይህች ዕቃ በየአምስት ደቂቃው ስትመሰክር ውላለች። ከመጀመሪያውም ከሁለተኛውም ብርጭቆ በኋላ ስኳሩ ወረደ እንጂ አልወጣም። ሻዩ ውስጥ አንድ ፍሬ ስኳር አልነበረም።»

ዳሱ አጉረመረመ። ሻዩ ጣፋጭ እንደነበር የመሰከሩ ሰዎች አሉ፣ ተቀምሷል እኮ አለ አንዱ።

«ተቀምሷል። እኔም የደረቀውን ቀምሻለሁ፤ ይጣፍጣል። ጉንዳን ግን ከእኔ ይበልጣል። ጠጁን ወረረው፣ ሻዩን አልነካውም። ሠርካለም ያመጣችው ክኒን ምላስ ያታልላል፤ ጉንዳንና ደም አያታልልም። ከሳጥኑ አርባ ክኒን ጐድሏል። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፣ ቀምሶም ይስቃል። ስኳሩ እየወረደ ላለ ሰው ግን ባዶ ውኃ ማለት ነው። ደንባችሁን የሚያውቅ ሰው ነው ያሰበው፤ ቢቀመስም የማይያዝ፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንንም የማይገድል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሠርካለም ዞረ። ሠርካለም መሬት መሬት ታያለች።

«እሷ አይደለችም። ፔርሙሱን የሞላችው እሷ ናት፤ ፋንታሁን ከዚያው ቀድቶ መራራ ነው ብሎ ትቶታል። ስለዚህ ክኒኑ የገባው እሷ መንገድ ላይ ሳለች፣ ማጀት ውስጥ፣ ብርጭቆው ላይ ነው። ደግሞም የአባቷን ስኳር የምትመሰክር ዕቃ ራሷ ሆዱ ላይ ተክላ አትገድለውም። ትእዛዙም አይደለም። ወንድ ነው፣ ማጀት አልገባም፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ በእጁም አልነካው። በመጀመሪያውም ብርጭቆ ስኳሩ አልወጣም።»

ባንቺ ከቦርሳዋ ቋጠሮውን አውጥታ ፈታችው። ሽሮ የነካው ስኳር ነው። ከማጀት ማንኪያ አስመጣችና በሰው ፊት ሰፈረችው፤ አሥር ሆነ።

«ገዳዩ ብልህ ነው። የስኳሩ ጣሳ እንዲጐድል አሥር ማንኪያ አወጣ። ከዚያ ይህን ስኳር ደጅ ቢደፋው፣ አመድ ውስጥ ቢበትነው፣ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ግን አልደፋውም። ሽሮ ውስጥ ደበቀው። ይህን የሚያደርግ ሰው እኔ ዐውቃለሁ፤ ሰባ ሰባትን በሕፃንነቱ ያየ ሰው ነው። እኔ ራሴ ሰሃላ ላይ በሰባ ሰባት ሁለት እኅቶች ቀብሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ መሬት የወደቀ እህል ረግጬ አላልፍም። ለሠርካለም ስኳር የሚደፋ ነገር ነው፤ ከረሃቡ በኋላ ነው የተወለደችው።» ወደ ይታየሽ ዞረች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ደፍተሽው ቢሆን ኖሮ አላገኝሽም ነበር።»

ይታየሽ ንፍሮ የያዘ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ስኳር እንዴት ይደፋል?» አለች።

ሌላ መካድ አልሞከረችም። ትእዛዙ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፋንታሁን አክስቱን ያያታል እንጂ የሰማውን የሚያምን አይመስልም።

«እህቱ አይደለሽም ወይ?» አላት በመጨረሻ። «ምን አድርጎሽ ነው?»

«እህቱ ነኝ። አባትህ ሰው ገደለ፤ ደሙን ግን እኔ ከፈልሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሽማግሎች ተቀምጠው ከገዳይ ቤት ሴት ልጅ ትሰጥ፣ ደሙ በእሷ ይድረቅ አሉ። እኔ ውኃ ቀድቼ ስመለስ በቅሎ ተጭኖ አገኘሁ። ለአርባ ዓመት ሰው ሰጡኝ፤ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ነው፤ ቂሙን ሌሊት ሌሊት በእኔ ተወጣ። በአሥራ አራት ዓመቴ አማጥሁ፣ አራት ቀን። ልጁም ሞተ፣ ማሕፀኔም ሞተ። አባትህን መጥተህ ውሰደኝ ብዬ ላክሁበት። እርቅ አይፈርስም ብሎ መለሰብኝ።»

ትንፋሿን ሰበሰበች። 

«ይህንንም ችዬው ነበር። በየዓመቱ ጥር በመጣ ቁጥር ማዕዱን አቀርባለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እሰጠዋለሁ። ዓርብ ዕለት ግን ለልጁ ሲያወጋት ሰማሁት። ‹አንዲት ጥጃ ሳልከፍል ታረቅሁ› አላትና ሣቀ። እኔ ወጥ እየጨመርሁለት ነው፣ አጠገቡ ቆሜ። ጥጃ እንኳ አላለኝም። ሠርካለም ያን ክኒን ስታሳየን እንግዲህ ጌታ ሰጠኝ አልሁ። ጌታ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ዕቃዋ እየጮኸች ጣፋጩን በእጄ ሰጥቼው፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠጣልኝ። አልጸጸትም። የምጸጸተው ለሁለተኛው ብርጭቆ ነው፤ ዳግም ዓይኑን ማየት ቢያቅተኝ ለትእዛዙ አቀበልሁት።»

«እኔን ሊገድሉኝ ሲሉ ዝም አልሽ፣ እታ?» አለ ትእዛዙ።

«በበሽታ ሞተ ይባላል ብዬ ነበር። ዛሬ ጠመንጃው ወዳንተ ሲዞር ልናገር ነበር የመጣሁት» አለችው። እውነት ይሁን አይሁን እሷና እግዜር ያውቃሉ፤ ትእዛዙ ግን አምኗት አለቀሰ።

ፋንታሁን ክላሹን እንደጨበጠ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲስለው የከረመው ቂም በእጁ ላይ ቀረ። የሚገድለው ሰው የለውም፤ አክስቱ ናት፣ የአባቱ ደም ናት፣ ደግሞም ሴት ናት። አልቃሾቹም አሁን አንዲት ስንኝ አልመጣላቸው አለ። ባንቺ ለይታየሽ ካቴና አላወጣችም፤ ክንዷን ብቻ ያዘቻት።

ይህኔ አባ ገብረ አማኑኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስንት ቤት አስታርቀዋል፤ ደም ባለበት ሁሉ የሚናገሩት ያው ነው፣ አፋቸውም ለምዶታል። መንግሥት የመንግሥትን ያድርግ፣ በእናንተ መካከል ግን ደም ሳይቈይ እርቅ ይውረድ፤ ነገ ሽማግሎችን እሰበስባለሁ አሉ።

ይታየሽ ዞር ብላ አየቻቸው። በክብር ነው ያናገረቻቸው፤ እንዲያውም ጎንበስ ብላ።

«አባ፣ በሰባ ዘጠኝ የእኔን ስም የጠሩት እርስዎ ነበሩ። አሁንስ የማንን ልጅ ሊጠሩ ነው?»

  የሽማግሌው መቋሚያ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሣላቸው የተነሣም ሰው አልነበረም።

ዳሱ ጥግ ላይ የፋንታሁን ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ቆማለች፤ እንግዳ ስታስታጥብ ነበር የዋለችው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሽማግሌውና ይታየሽ ሲነጋገሩ ምን እንደሚሉ አልገባትም፤ ሰው ሁሉ ለምን ወደ እሷ እንዳየም አልገባትም። ፋንታሁን ሄዶ ማንቆርቆሪያውን ተቀበላትና መሬት አኖረው። ክላሹን አጠገቡ ለቆመው ፖሊስ ሰጠው። ልጁን በእጇ ይዞ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ ከዳሱ ወጣ።